እናቷ የሞተችባት የጦጣ ልጅ፦ ሚጣን ማን ያሳድጋት?

ጥያቄ፦ «ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ዘጌ ነው። የ12 ዓመቱ ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የጦጣ ልጅ በሹራቡ ጠቅልሎ ይዞ መጣ። እናቷን ውሾች ሲገድሏት አይቷል፤ ሬሳዋን እኔም ሄጄ አይቻለሁ። ዛሬ እኛ ቤት ሦስተኛ ቀኗ ነው። ጸጉሯ ጥቁር ነው፣ ፊቷ ግን እንደ ሰው ሕፃን ቀላ ያለ ነው። ከባሕር ዳር በሚመጣ የላም ወተት እያጠባኋት ነው፤ ሆዷ እንዳይነፋ ጤና አዳም ጣል አደርግበታለሁ። ከትናንት ጀምሮ ግን ያስቀምጣታል። ልጄ ሚጣ ብሎ ስም አውጥቶላታል፤ ከደረቱ አትወርድም፣ አብራው ነው የምትተኛው። አንዱ ጎረቤት ለመንግሥት አስረክቡ ይለኛል። ሌላው ደግሞ ለእንግዳ ማሳያ ትሆነኛለች፣ ሽጡልኝ ብሎ ብር አሳይቶኛል። እኔ አራት ልጅ አሳድጌያለሁ። ፍቅርና ምግብ ካገኘች ምን ይጎድልባታል? ምን ባደርግ ይሻላል?» — እናት፣ ከዘጌ

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ ደብዳቤዎን ስናነብ ዓይናችን ያረፈው «ያስቀምጣታል» ከሚለው ቃል ላይ ነው። የዋናውን ጥያቄዎን መልስ ጥቂት እናቆየውና አስቸኳዩን እናስቀድም። ሚጣን ማን ያሳድጋት የሚለው የሚጠየቀው ነገ በሕይወት ካደረች ነው።

ወተቱንም ጤና አዳሙንም አሁኑኑ ያቁሙ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ቅደም ተከተል አለው፦ መጀመሪያ ሙቀት፣ ቀጥሎ ውኃ፣ ምግብ መጨረሻ። ይህ አይገለበጥም። ሕፃን እንስሳ ሲበርደው አንጀቱ ሥራ ያቆማል፤ የገባለት ወተት ሳይፈጭ እዚያው ይቦካል፣ ሆዱ ይነፋል፣ ተቅማጡ ይብሳል። እየበረደው ጠግቦ የሚሞት ሕፃን እንስሳ ጥቂት አይደለም።

እጅዎን በሳሙና ታጥበው የእግሯን መዳፍና የአፏን ውስጥ በጣትዎ ይንኩ። ከጣትዎ ከቀዘቀዘ በርዷታል ማለት ነው። ግማሽ ሊትር በሚይዝ ሃይላንድ ሙቅ ውኃ ይሙሉ፤ ሙቀቱ የእጅ አንጓዎ ላይ ሲያደርጉት የማያቃጥል ይሁን። ክዳኑን አጥብቀው በፎጣ ሁለት ዙር ይጠቅልሉትና ቀዳዳ ባለው ካርቶን በአንደኛው ጎን ያስተኙት። ሌላው ጎን ባዶ ይሁን፤ ሲሞቃት የምትሸሽበት ቦታ ያስፈልጋታል። ውኃው በየሰዓቱ ይለወጥ። የቀዘቀዘ ሃይላንድ አጠገቧ ከቆየ ሙቀት መስጠቱ ቀርቶ መልሶ ከእሷ ይወስዳል። ምድጃ ዳር አያስቀምጧት፤ ጭሱ ሳንባዋን ይጎዳል፣ ፍሙ አንዱን ጎኗን እያቃጠለ ሌላው እንደቀዘቀዘ ይቀራል።

ካርቶኑ ውስጥ ሌላም አንድ ነገር ይጨምሩ። ፎጣ ወይም ያረጀ ጋቢ እንደ ክንድ አወፍረው ጠቅልለው በሁለት ቦታ ይሰሩት። የጦጣ ልጅ ከተወለደችበት ሰዓት ጀምሮ በአራቱም እጅና እግሯ የእናቷን ጸጉር ጨብጣ ነው የምትኖረው። የምትጨብጠው ስታጣ ትደነግጣለች፣ ትጮኻለች፣ የቀረቻትን ጥቂት ጉልበት በዚያው ትጨርሳለች። ጥቅሉን በደረቷ አቅፋ ስትለጠፍበት ትንፋሿ ሲረጋ በዓይንዎ ያዩታል። የካርቶኑን ክዳን ይዝጉት፣ ክፍሉ ጸጥ ያለና ከቡና ማፍያው የራቀ ይሁን። በመንካት ብዛት የሚረጋጋ የዱር ሕፃን የለም። ሰው እየተቀባበለ ሲያቅፈው ዝም የሚለው ፈርቶ ሲደነዝዝ ነው።

ስትሞቅ ወደ ውኃው ይለፉ። ትከሻዋ መሐል ያለውን ቆዳ በሁለት ጣት ቆንጥጠው ይልቀቁት። ወዲያው ካልተመለሰና እንደ ድንኳን ቆሞ ከቆየ፣ ድዷም የሚያጣብቅ ከሆነ ውኃ አጥሯታል። መድኃኒቱ ለሰው ሕፃን የሚሰጠው ኦ አር ኤስ ነው፤ ከጤና ኬላም ከመድኃኒት ቤትም ይገኛል። አንዱን ፓኬት አፍልተው ባቀዘቀዙት አንድ ሊትር ውኃ ይበጥብጡት። ለትንሽ እንስሳ ብሎ ዱቄቱን መቀነስም ማብዛትም ጉዳት አለው፤ ጨው የበዛበት ብጥብጥ ውኃን ከሰውነቷ መልሶ ይስባል። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በላይ አይቆይ።

መጠኑ በክብደቷ ነው የሚለካው። ዘጌ ቡና የሚመዘንበት ሚዛን ከየቤቱ አይጠፋም፤ ግራም የሚያሳይ ፈልገው ባዶውን ካርቶን መዝነው ከእሷ ጋር ደግመው ይመዝኑት። ለ100 ግራም ክብደት በአንድ ጊዜ ከ5 ሚሊ ሊትር በላይ አይሰጥም፤ ሆዷ የሚይዘው ያንን ያህል ነው። 400 ግራም ከሆነች ጣሪያው 20 ሚሊ ሊትር ነው። ያስቀመጣት ስለሆነች ግን ከ2 ወይም ከ3 ሚሊ ሊትር ይጀምሩ፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይተው ይድገሙ። ጡጦ ይተው። መርፌው የወጣለት ባለ 1 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ከአፏ ጎን ጠብታ በጠብታ ይለቃል፣ ለእጅም ይታዘዛል።

አያያዙ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ በጎ የሚያስቡ ሰዎች ሳያውቁ የሚገድሉበት ቦታ ይህ ነውና። አራት ልጅ ያሳደገ እጅ ሕፃን ሲይዝ ሳያስበው ጀርባውን ክንድ ላይ አስተኝቶ ፊቱን ወደ ላይ ያደርጋል። የጦጣ ልጅ በሕይወቷ እንደዚያ ጠብታ አታውቅም። የምትጠባው ሆዷን ከእናቷ ሆድ ለጥፋ፣ ቀጥ ብላ፣ ጭንቅላቷን ቀና አድርጋ ነው። በጀርባዋ ከተኛች ፈሳሹ እንድትውጠው ሳይጠብቃት ወደ ጉሮሮዋ ይወርድና ሳንባዋ ይገባል። በአፍንጫዋ የወተት አረፋ ብቅ ሲል ካዩ፣ ካሳላት፣ ወይም ስትተነፍስ ደረቷ ውስጥ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ከሰሙ ይህ ደርሷል ማለት ነው። ወዲያው አቁመው ጭንቅላቷን ወደ ታች ዘንበል ያድርጉና አፍንጫዋን ይጥረጉ። ሳንባ የገባ ወተት በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ የሳንባ ምች ይሆናል፤ እንዲህ ላለች ትንሽ ነፍስ ደግሞ ከዚያ የሚመልስ መድኃኒት ብዙ የለም። ስለዚህ የተጠቀለለውን ፎጣ አስይዘው በሆዷ ያስደግፏት፣ ቀጥ ትበል፣ እርስዎ ከጎን ሆነው ያጠጧት። ዝላ የማትውጥ ከሆነ አፏ ውስጥ ምንም አይጨምሩ። ያኔ ፈሳሹ በቆዳዋ ሥር በመርፌ መግባት አለበት፤ ይህም የእንስሳት ሐኪም ሥራ ነው።

የላም ወተት ምን አጠፋ ቢሉን፣ የላም ወተት የተሠራው ለጥጃ ነው። ጥጃ በተወለደ በሰዓቱ ቆሞ የሚሄድ፣ ሥጋና አጥንት በፍጥነት የሚያበጅ እንስሳ ስለሆነ ወተቱ ፕሮቲንና ማዕድን የበዛበት፣ ስኳሩ ያነሰ ነው። የጦጣ ወተት ወደ ሰው ወተት ያደላል፤ ቀጠን ይላል፣ ይጣፍጣል፣ ፕሮቲኑ አነስ ያለ ነው። የላም ወተት የጦጣ ሆድ ውስጥ ሲገባ ጠጣር እርጎ ሠርቶ ይረጋና ሆድ ያውካል። ያልፈላ ከሆነ ደግሞ የነቀርሳና የሌላም በሽታ ጀርም ይዞ ሊመጣ ይችላል። ጤና አዳሙ በሰው ልጅ የተለመደ ይሁን እንጂ ግማሽ ኪሎ ለማይሞላ አካል መጠኑን የሚያውቅ ሰው የለም፤ ይቅር።

ባለሙያ እጅ እስክትገባ የሚሰጣት ምግብ ከስድስት ወር በታች ላሉ ሕፃናት የሚሸጠው፣ ቆርቆሮው ላይ «1» የሚል ቁጥር ያለበት ፎርሙላ ወተት ነው። ለትልልቅ ልጆች የሚሆነው ተራ የዱቄት ወተት ያው የላም ወተት ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጊዜያት ኦ አር ኤስ ብቻ ይስጧት። ተቅማጡ ካልባሰ በቆርቆሮው ትእዛዝ ከተዘጋጀው ፎርሙላ አንድ እጅ፣ ከኦ አር ኤስ ሦስት እጅ ይቀላቅሉ። ቀጥሎ እኩል በኩል፣ ቀጥሎ ሦስት እጅ ፎርሙላ እያሉ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ወደ ሙሉው ይድረሱ። ቀን በየሁለት ሰዓቱ፣ ሌሊት በየሦስት ሰዓቱ ትመገብ። ሲሪንጁ በየጊዜው በፈላ ውኃ ይታጠብ። ሙዝ፣ እንጀራ፣ ማር የሚባል ነገር አይሞከር። አዋቂ ጦጣ ፊቷ ጥቁር፣ ጀርባዋ ግራጫ ነው፤ ሚጣ ገና በተቃራኒው ስለሆነች ከሁለት ሦስት ወር አልዘለለችም፤ ሙሉ በሙሉ በወተት የምትኖርበት ዕድሜ ላይ ናት። ይህ ሁሉ ግን ለጥቂት ሰዓታት፣ ቢበዛ ለሁለት ቀን የሚሆን ስንቅ ነው። ማሳደጊያ አድርገው እንዳይወስዱት አደራ።

አሁን ወደ ውሾቹ እንሂድ፤ ደብዳቤዎ በአንድ ቃል ያለፈው ነገር ለእኛ ትልቅ ጉዳይ ነው። ውሾቹ እናቷን ሲይዙ ሚጣ ሆዷ ላይ ተለጥፋ ነበር። ጸጉሯን ከፈል ከፈል እያደረጉ ቆዳዋን ይዩ። የውሻ ክራንቻ የወጋው ቦታ ከላይ እንደ ስፒል ጫፍ ትንሽ ነው፣ ከታች ግን ጥልቅና ቆሻሻ ነው፤ ካልታከመ በሁለት ሦስት ቀን ይመግላል። መዥገር ወይም ቁንጫ ቢያገኙባትም የከብት መዥገር መድኃኒት፣ ዲያዚኖንም ይሁን ሌላ፣ እንዳይነካት። ለበሬ የተመጠነ መርዝ በቆዳዋ ገብቶ ሊገድላት ይችላል።

ከዚህ የሚከብደው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ውሾቹ ጤነኛ ይሁኑ አይሁኑ አይታወቅም፣ ምራቃቸው ደግሞ ሚጣ ላይ አርፏል። ልጅዎን ነክሳው ወይም ቧጥጣው እንደሆነ ዛሬውኑ ይጠይቁት፤ ልጆች እንዳይወሰድባቸው ሲሉ ይደብቃሉ፣ እጁንና ደረቱን ራስዎ ይዩ። ጭረት ካለ በሚወርድ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ ይታጠብና ሳያድር ጤና ጣቢያ ይሂድ። ክትባቱ የሚሠራው የበሽታው ምልክት ሳይታይ በፊት ነው፤ ምልክት ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለም። ጸበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፣ ክትባቱን ግን አያስቀር። ከዛሬ ማታ ጀምሮም ለየብቻ ይተኙ። ይህ ለሁለቱም ነው፤ የሰው ጉንፋን፣ ኩፍኝና የሳንባ ነቀርሳ ወደ ጦጣ ይተላለፋል፣ የጦጣ ተቅማጥና የሆድ ትል ደግሞ ወደ ሰው። የሚመግባት አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ ጉንፋን የያዘው፣ ከንፈሩ ላይ ምች የወጣበት ሰው አይቅረባት። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ጨርሶ አይንካት።

እንግዲህ ወደ ጥያቄዎ። «ፍቅርና ምግብ ካገኘች ምን ይጎድልባታል?» የሚጎድልባት ጦጣነት ነው። ይህን ለነገር ማሳመሪያ አላልነውም፤ በዓይን የሚታይ፣ በጥናት የተረጋገጠ ነገር ነው።

ሮበርት ሰይፋርዝና ዶሮቲ ቼኒ የተባሉ ተመራማሪዎች በኬንያ አምቦሴሊ የእኛዋን ጦጣ የቅርብ ዘመድ አጥንተው በ1980 እ.ኤ.አ. ያሳወቁት ነገር ዛሬም ድረስ ይጠቀሳል። ጦጣ ለነብር አንድ ዓይነት ጩኸት፣ ለንስር ሌላ፣ ለእባብ ሌላ አላት። የነብሩን ስትሰማ ዛፍ ላይ ትወጣለች። የንስሩን ስትሰማ ወደ ሰማይ አንጋጣ ቁጥቋጦ ውስጥ ትገባለች። የእባቡን ስትሰማ በኋላ እግሯ ቆማ ሣሩን ትቃኛለች። ነገሩ የሚያስደንቀው ልጆቹ ላይ ነው። ሕፃን ጦጣ ወደ ላይ የሚታይ ነገር ሁሉ ንስር ይመስላታል፤ ጉዳት የሌለውን ወፍ፣ አንዳንዴም ከዛፍ የሚወርድ ቅጠል አይታ የንስር ጩኸት ትጮኻለች። ትልልቆቹ ቀና ብለው ያያሉ። እውነተኛ ንስር ከሆነ አብረው ይጮኻሉ፣ ካልሆነ ዝም ብለው መብላታቸውን ይቀጥላሉ። ልጅቱ በዚህ መልስና ዝምታ ወራት እየተማረች የትኛው እንደሚገድላት ትለያለች። ያንን መልስ እርስዎም ሆኑ ልጅዎ ልትሰጧት አትችሉም። እናንተ ቤት የምትማረው ውሻ አጠገቧ ተኝቶ እንደማይነካት፣ ሰው ሲጠራት ምግብ እንዳለ ነው። ሁለቱም ጫካ ውስጥ የሚገድሏት ትምህርቶች ናቸው።

እናት ብቻም አይደለችም የጎደለቻት። በጦጣ መንጋ ውስጥ ሴቶቹ፣ በተለይ ገና ያልወለዱት ኮረዶች፣ የሌላዋን ልጅ ተቀብለው ያቅፋሉ፣ ያዝላሉ፣ ጸጉሯን ይቀምላሉ። የማን ልጅ ማንን ማሳለፍ እንዳለበት፣ አፍጥጦ ማየት ጠብ መሆኑን፣ የተቆጣን በምን እንደሚያበርዱት የሚለመደው በዚህ መቀባበል ውስጥ ነው። የዘጌ ደን እስከ ዛሬ የቆየው አባቶች በሬ ጠምዶ ማረስንም ከብት ማርባትንም ከልክለው በመኖራቸው እንደሆነ እርስዎ ከእኛ የበለጠ ያውቁታል። በዚያ ደን ውስጥ የትኛው ሾላ መቼ እንደሚያፈራ፣ በየት በኩል ወደ ጣና ሐይቅ ወርዶ ውኃ እንደሚጠጣ መንጋው ያውቀዋል፤ ልጆቹም ተከትለው ይማሩታል።

ይህን ሳትማር ያደገች ጦጣ ምን ትሆናለች? አንድ ዓመት እስኪሞላት የቤቱ ደስታ ናት። ቀጥሎ ጥርሷ ይበረታል። ሰው ዓይን ዓይኗን ሲያያት ጠብ ፈልጎኛል ብላ ትነክሳለች፤ መጀመሪያ የምትደፍረውም በቤቱ ትንሹን ልጅ ነው፣ በመንጋ ሥርዓት ደረጃ የሚወጣው ከደካማው ተጀምሮ ነውና። አራትና አምስት ዓመት ሲሞላት ለአካለ መጠን ትደርሳለች፤ ወንድ ከሆነ ክራንቻው ሥጋ ይበጥሳል። ያኔ ወገቧ ላይ ገመድ ይታሰራል። በልጅነቷ የታሰረ ገመድ እየወፈረች ስትሄድ ሥጋዋ ውስጥ ይገባል፣ ቁስሉን ጸጉር ስለሚሸፍነው ሰው የሚያውቀው ሲሸት ነው። ቤት ውስጥ ተዘግታ ፀሐይ ካጣችና ከሰው ማዕድ ብቻ ከበላች ደግሞ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ስለሚያንሳት አጥንቷ ይለመጣል፣ እግሯ ይጎብጣል። ጦጣ በሰው እጅ እስከ 30 ዓመት ልትኖር ትችላለች፤ ልጅዎ አግብቶ ልጆች ሲወልድም እዚያው ግንድ ሥር ታስራ ማለት ነው። «ስታድግ እንለቃታለን» የሚሉም አሉ። ብቻዋን የተለቀቀች ጦጣ ወደ ሌላ መንጋ ስትጠጋ ተነክሳ ትባረራለች፤ ስለዚህ ወደምታውቀው ወደ ሰው ትመለሳለች፣ ከማጀት ትሰርቃለች፣ በድንጋይ ወይም በውሻ ትሞታለች።

የሠለጠነ ባለሙያ ይህን እንዴት ይለውጠዋል? መጀመሪያ ለብቻዋ ያቆያታል፣ ብዙ ጊዜ 30 ቀንና ከዚያ በላይ። በዚህ ጊዜ የነቀርሳ ምርመራ ይደረግላታል፣ ዓይነ ምድሯ ለትል ይታያል። ከዚያ ከሌሎች ወላጅ አልባ ጦጣዎች ጋር፣ ከተቻለም ልጅ የምትቀበል አዋቂ ሴት ጦጣ ጋር ትገናኛለች። በደቡብ አፍሪካ ያሉ የጦጣ ማገገሚያዎች ይህን አሳዳጊ እናት የመስጠት ሥራ በደንብ ያውቁታል፤ መጀመሪያ በሽቦ መሐል ያስተያዩአቸዋል፣ ሴቲቱ እጇን ዘርግታ የሕፃኗን ጸጉር መቅመል ስትጀምር ያገናኙአቸዋል። ተንከባካቢው ያን ጊዜ ራሱን ያርቃል፤ አያናግራትም፣ አያቅፋትም፣ ምግቡን አስቀምጦ ይሄዳል። ይህ ሥራ ከማቀፍ ይልቅ ይከብዳል፣ ሥልጠናውም አንዱ ለዚህ ነው። መልቀቅ የሚቻል ሲሆን የሚለቀቀው የተሳሰረው መንጋ በሙሉ ነው። የማይቻል ሲሆንም ዕድሜዋን በሰፊ ቅጥር ከመሰሎቿ ጋር ትኖራለች።

በአገራችን ለዚህ ሥራ የተቋቋመ ቦታ አለ። ሆለታ አካባቢ የሚገኘው እንስሳ ኮቴ፣ ቦርን ፍሪ ኢትዮጵያ የተባለው የዱር እንስሳት ጥበቃ ድርጅት ማዕከል፣ በ77 ሄክታር መሬት ላይ ከሕገ ወጥ ይዞታ የተወሰዱና ወላጅ ያጡ አንበሶችን፣ አቦሸማኔዎችን፣ ጦጣዎችን ያስጠልላል። እርስዎ ግን አውቶቡስ ተሳፍረው እስከዚያ አይውሰዷት፤ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ይዞ መንቀሳቀስ በሕግ ያስጠይቃል፣ መንገዱም ይገድላታል። በወረዳው የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት በኩል ባሕር ዳር ላለው የክልሉ የዱር እንስሳት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ያስታውቁ፤ እነሱ ከኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ጋር ተነጋግረው የት እንደምትሄድ ይወስናሉ። ሚጣን በመርዳቴ ይቆጡኛል ብለው አይስጉ፤ አገኘሁ ብሎ የሚያሳውቅና ደብቆ የሚሸጥ አንድ አይደሉም። ለተቅማጡና ለቁስሉ እስከዚያ የእንስሳት ሐኪም ያስፈልጋል፤ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ዘንዘልማ ግቢ የእንስሳት ሕክምና መምህራን ስላሉ የወረዳችሁ ሐኪም ሊያማክራቸው ይችላል።

ስልክ ሲደውሉ እነዚህን ጽፈው ይያዙ፦ የተገኘችበት ትክክለኛ ቦታ፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ እናቷ በምን እንደሞተች፣ የጸጉሯና የፊቷ ቀለም፣ በግራም ክብደቷ፣ እስከ ዛሬ የተሰጣት ነገር ሁሉ ጤና አዳሙን ጨምሮ፣ በቀን ስንት ጊዜ እንዳስቀመጣትና መልኩ፣ የተነከሰ ወይም የተቧጠጠ ሰው ካለ። የተሳሳቱትን አይደብቁ። ሐኪሙ ለተቅማጡ የሚሰጠው በላም ወተት የመጣ ሲሆንና በጀርም የመጣ ሲሆን ይለያያል።

ብር ያሳየዎትን ሰው በተመለከተ መልሳችን አጭር ነው፤ አይሽጡ። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝንም መነገድንም ይከለክላል። ሕጉም ባይኖር አንዴ ዋጋ የወጣለት የጦጣ ልጅ ሁለተኛውን ያስመኛል፣ ሁለተኛውን ለማግኘት ደግሞ ልጇን የማትለቅ እናት መገደል አለባት። ይህን ለሰውየው በጨዋ ቋንቋ ይንገሩት።

ልጅዎ ያዝናል፤ ማዘኑም ተገቢ ነው። ያልተነገረው ነገር እንዳይሆንበት ከመሄዷ በፊት እውነቱን ይንገሩት። እናቷን ውሾች ሲገድሏት ሮጦ ያተረፋት እሱ ነው፤ ያንን የመሰለ ሥራ ማንም አይወስድበትም። መጻፍ የሚችል ልጅ ስለሆነ የምግቧን ሰዓትና መጠን፣ ክብደቷን፣ ዓይነ ምድሯን የሚመዘግበው እሱ ይሁን። የሚረከባት ሰው ከሁሉ በፊት የሚጠይቀው ያንን ወረቀት ነው። ቪዲዮ አንስቶ ቲክቶክ ላይ እንዳይለቅ ግን ያስረዱት፤ ያየ ሁሉ ለእኔም አምጡልኝ ይላል።

ይህን ለምታነቡ ሌሎች የሐይቁ ዳር ሰዎች አንድ ነገር እናክል። ያገኛችሁት ሁሉ ወላጅ አልባ አይደለም። ሚጣ እናቷ ሞታ ታይታለች፤ የድኩላ ግልገል ግን ቁጥቋጦ ሥር ብቻዋን ተጋድማ ብታገኟት ተጥላ አይደለም። እናቷ ሽታዋ አውሬ እንዳይጠራባት እዚያ ደብቃት ርቃ ትግጣለች፣ ተመልሳ ታጠባታለች። አትንኳት፣ አካባቢው ላይ አትቁሙ፣ ውሻችሁን ጠርታችሁ ሂዱ። ከዛፍ የወደቀች የጦጣ ልጅም እናቷ በሕይወት ካለች መንጋው አጠገብ ናት፤ ክፍት ቅርጫት ውስጥ ዛፉ ሥር አስቀምጣችሁ 50 ሜትር ያህል ርቃችሁ እስከ ማምሻ ጠብቁ። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ የጉማሬ ግልገል ብቻዋን ብታዩ ደግሞ በታንኳም በእግርም አትጠጉ። እናቷ ውኃው ውስጥ ናት፤ ልጇ ያለችበትን ጉማሬ ያህል ፈጥኖ ሰው የሚገድል እንስሳ በዚህ ሐይቅ የለም።

እህታችን፣ ሰው መጥቶ ሚጣን ሲወስዳት በጀልባ የምትሻገር ከሆነ ጠዋት ማለዳ፣ ነፋስ ሳይነሣ ይሁን። ካርቶኑ በጨርቅ ተሸፍኖ ከሞተሩ ርቆ ይቀመጥ፤ ሃይላንዱም ለመንገዱ አዲስ ሙቅ ውኃ ይሞላበት። ከመሄዷ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ትመገብ፤ በጉዞ ላይ ምንም አይሰጣት። አቅፋው ያደረችውን የተጠቀለለ ፎጣ ንጹሕ እናድርግላት ብለው አይጠቡት። ሽታው የምታውቀው ብቸኛው ነገር ስለሆነ እንደያዘችው አብሯት ይሂድ።